ትኩሳት የለኝም ባዮች

ሲስተር ፍሬሰንበት ጠርጣራ ናት። ይህ ሐሜት አይደለም፤ እሷም አትክደውም፤ እንዲያውም ትኮራበታለች። ከሱቅ የገዛችውን ዘይት አሽትታ፣ በጣቷ ጫፍ ቀምሳ፣ ከዚያም ባለሱቁን ዐይን ዐይኑን አይታ ነው ወደ ቤቷ የምትወስደው። የታሸገ ውሃ ቢሰጧት ክዳኑን መርምራ፣ ጠርሙሱን ገልብጣ ካላየች አትጠጣም። ነርስነቱን ተምራ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ከወረደች ብዙ ዓመቷ ነው፤ ሙቀቱም ወባውም ይህን ጠባይዋን አላለዘቡትም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት በየአጋጣሚው ትጠቅሰዋለች። ባለቤቷ መምህር ተክሌ ደግሞ ገንፎ በቀረበ ቁጥር በማንኪያው ቆፈር ቆፈር እያደረገ «ዛሬም የለም» ይላታል። እሷ አትስቅም። ነገ ሊገኝ ይችላላ።

ታዲያ ከድንበር ማዶ ደም የሚያስፈስስ ትኩሳት ተነሣ በተባለ ጊዜ፣ በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ቆሞ ተጓዡን የሚመረምር ሰው ሲፈለግ፣ ከጤና ጣቢያዋ ተመርጣ የተላከችው እሷ መሆኗ ማንንም አልገረመም። የሙቀት መለኪያ ሰጧት፤ ያንን ግንባር ላይ የሚደቀነውን፣ ሕዝቡ «ሽጉጥ» የሚለውን። ብዙ ሳይቆይ ባጃጅ ነጂዎቹ ስሟን ትተው «ባለሽጉጧ» ይሏት ጀመር። እሷ ግን በሽጉጡም አትታመንም ነበር። መጀመሪያ ጓንት ባጠለቀው እጇ ጀርባ ከተጓዡ ጆሮ ሥር ትነካለች፤ ቀጥላ ትለካለች፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የምታምነው እጇን ነው።

በሽታውን ለመከላከል የተቋቋመው ግብረ ኃይል ያወጣው መመሪያ አጭርና ግልጽ ነበር። ትኩሳት የተገኘበት ሰው አይበርም፤ ወደ ማቆያው ድንኳን ይገባል። ናሙናውን የሚወስደው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ የተሸፈነ ባለሙያ ብቻ ነው። ናሙናው አዲስ አበባ ተመርምሮ ውጤቱ እስኪመለስ ድረስ የታማሚውን ደም ማንም አይነካም። ደም አይነካም ማለት ጣት ወግቶ ወባ መመርመርም የለም ማለት ነው፤ ምርመራ ከሌለ ደግሞ የወባ መድኃኒት አይታዘዝም።

ጋምቤላ ውስጥ ክረምቱ ሲወጣ ከሚያተኩሰው ሰው አብዛኛው ወባ የያዘው ነው። መመሪያው በቀረበበት ስብሰባ ላይ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ግን አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ ያ ክፉ በሽታ ያለበት ቢሆንስ? ሲመረምረው የነበረውን ነርስ ቢይዘውስ? አውሮፕላን ተሳፍሮ አዲስ አበባ ቢገባስ? «ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ» አሉ ሰብሳቢው፤ ቤቱም አጨበጨበ። ፍሬሰንበት ያጨበጨበችው ከልቧ ነው።

አብሯት የተመደበው የጤና ባለሙያ ኦቻን ብቻ እጁን አወጣ። ኦቻን የአቦቦ ልጅ ነው፤ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ስለሆነ ንግግሩ አጭርና ጌጥ የሌለው ነው። «ውጤት እስኪመጣ ወባው ይጠብቃል?» ሲል ጠየቀ። ሰብሳቢው ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ወደፊት ይታያል ብለው አለፉት። ፍሬሰንበት ግን ያየችው ጥያቄውን ሳይሆን ጠያቂውን ነው። ይህ ሰው ምን አስቦ ነው? ከድንበር ማዶ ዘመዶች አሉት ሲባል ሰምታ የለ? እነሱን ለማሳለፍ ቢሆንስ? ከዚያን ዕለት ጀምሮ እሱ ለክቶ ያሳለፈውን ሰው ደግማ ትለካ ጀመር። ኦቻን እያየ ቀጣዩን ተጓዥ ይለካል።

ኛዋል የመጣችው በጥቅምት ነው። መምህር ተክሌ ያስተማራት፣ ቤታቸው እየመጣች መጽሐፍ የምትዋስ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ለሥልጠና ተጠርታ ነበር። ፍሬሰንበት ከጆሮዋ ሥር ስትነካት ሙቀቱ ጓንቱን አልፎ ተሰማት። ልጅቱም አልካደችም። ወባ እንደሆነ ታውቀዋለች፣ በየዓመቱ ይይዛታል፣ ተመርምራ መድኃኒቷን ከወሰደች በኋላ ማቆያ ግቢ ብትባል ደስ ብሏት ትገባለች። ፍሬሰንበት መመሪያውን ነገረቻት። ኛዋል ሻንጣዋን ራሷ ይዛ ወደ ድንኳኑ ሄደች። ናሙናዋ በዚያው አውሮፕላን ተላከ፤ ውጤቱ ግን አዲስ አበባ ላይ ወረፋ ያዘ። ድንኳኑ ውስጥ መቃዠት ጀመረች፤ ኋላ መናገር ተሳናት፤ ኋላም ሞተች። ከተቀበረች በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ከክፉው በሽታ ነጻ ነበረች።

ፍሬሰንበት አለቀሰች። መጸጸትን ግን እንቢ አለች። ራት ላይ ለተክሌ ስትነግረው፣ በሽታው ያኛው ቢሆን ኖሮ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰው ነበር የሚያልቀው አለችው። ትክክል ናት፤ ቢሆን ኖሮ። ተክሌ ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ በረንዳው ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ ስለ ስንጥር መቀለዱን ተወው።

ከኛዋል በኋላ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ትኩሳት ጠፋ። ከተማው በወባ እየነደደ፣ በየቤቱ ሰው ተኝቶ፣ ለመሳፈር የሚመጣው ሰው ግን ሁሉም ቀዝቃዛ! ግብረ ኃይሉ ደስ አለው፤ መመሪያው ሠራ ተባለ። ፍሬሰንበት ደግሞ በዓለም ላይ የማትወደው ነገር ቢኖር ምክንያቱ ያልታወቀ መልካም ዜና ነው። ላብ አይታ እንዳትጠረጥር፣ ጋምቤላ ላይ ላብ ማስረጃ አይሆንም፤ ፓይለቱም ያልበዋል። ዐይናቸው የደፈረሰ፣ ከንፈራቸው የደረቀ፣ ግንባራቸው ግን እንደ ማንም ጤነኛ የሆነ ሰዎች በፊቷ ያልፋሉ። ትኩሳት አለህ ወይ ብላ ሳትጨርስ «የለኝም» ይላሉ። ያልታመመ ሰው እንዲህ ቸኩሎ አይመልስም።

አንድ ቀን በረራው ሲዘገይ ወደ አብዱልከሪም ሱቅ ሄደች። አብዱልከሪም ወደ ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር ውሃና ብስኩት የሚሸጥ፣ ለሁሉ ሰው ሰላምታ የማይነፍግ ነጋዴ ነው። ከሱቁ ጎን ቆማ ስታይ፣ ከባጃጅ የወረደ ተጓዥ ሁሉ ውሃ ይገዛል፤ ከውሃው ጋር ደግሞ ሁለት የፓራሲታሞል ክኒን ይቀበላል። እዚያው ይውጠዋል፣ ጥላ ሥር ቁጭ ይላል፣ እስኪሠራለት ጠብቆ ወደ በሩ ያዘግማል። ሰዎቹም ስም አውጥተውለት «የበረራ ክኒን» ይሉታል።

«ክኒኑን ለምን ትሰጣቸዋለህ?» አለችው ብቅ ብላ።

«ይጠይቁኛል» አላት።

«ለምን ይጠይቁሃል?»

አብዱልከሪም ብስኩቱን መደርደሩን ሳያቋርጥ፣ «እርስዎን ፈርተው ነዋ፣ ሲስተር» አላት።

ልትቆጣ ይገባት ነበር፤ እሷ ግን ደስ አላት። ጠርጣራ ሰው ጥርጣሬው እውነት ሆኖ ሲያገኘው የሚሰማው ደስታ ክፉ ደስታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እንዳያይ ያደርገዋል። ሰዎቹ ለምን ፈሯት የሚለውን ጥያቄ እዚያው መንገድ ዳር ጥላው ሄደች። ያየችውን ለግብረ ኃይሉ ተናገረች፤ መመሪያውም ጠበቀ። ሱቁ ተዘጋ። የተጓዥ ቦርሳ ለክኒን ይፈተሽ ጀመር። ጤና ጣቢያዎችም ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ ለማቆያው እንዲያስታውቁ ታዘዙ። ለራሷ ታደላለች እንዳትባል ደግሞ አንድ ነገር ራሷ ጨመረችበት። የተቆጣጣሪዎቹም ቤተሰብ ትኩሳት ከታየበት ወዲያው ይገለጽ፣ ወዲያው ይግባ አለች። ይህም ተጨበጨበለት።

ሱቁ ሲዘጋ ክኒኑ ወደየቤቱ ገባ። ሰዉ ከቤቱ ውጦ፣ ራሱን በውሃ አርሶ መምጣት ጀመረ። የከፋው ግን ሌላው ነበር። ኦቻን አንድ ጠዋት፣ በጤና ጣቢያው በኩል ማለፉን፣ የታማሚዎቹ አግዳሚ ባዶ ሆኖ ማየቱን ነገራት። በወባ ወራት ይህን አይቶ አያውቅም። ሰው ቢያተኩሰውም ለምርመራ አይመጣም፤ ከመጣ ድንኳን ይጠብቀዋል። ፍሬሰንበት ሰማችው። ይህ ሰው መመሪያውን ከመጀመሪያውም አልወደደውም ስትል በሆዷ አሰበች።

ቤቷ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ በቀለ። ተክሌ ተለወጠባት። ፈተና አርማለሁ እያለ ሳሎን ሶፋ ላይ ማደር ጀመረ። ጠዋት እሷ ሳትነሣ ታጥቦ ይወጣል። በር ላይ ሲቀበላት ጉንጯን ይስማት የነበረ ሰው፣ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ «ዋልሽ?» ይላታል። አንድ ቀን ኮሌታውን ላስተካክልለት ብላ እጇን ስትዘረጋ ሸሸት አለ። ከስንት ዓመት ትዳር በኋላ ባል ከሚስቱ እጅ ሲሸሽ ምን ይባላል? ፍሬሰንበት መልሱን ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። በዚያ ዓመት ከጅማ ተዛውራ የመጣች አቢጋኤል የምትባል ወጣት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። ተክሌ ትጉህ ናት ብሎ ስሟን አንድ ሁለት ጊዜ አንሥቶታል። ለፍሬሰንበት ይህ በቂና ከበቂ በላይ ነበር። እንቅልፍ አጣች፤ ሥራ ላይም የሰውን ግንባር ስትለካ የምታየው የአቢጋኤልን ፊት ሆነ።

በረራ የተሰረዘበት ቀን ከሰዓት በኋላ ቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። መምህር ተክሌ ዛሬ ክፍል አልገቡም አላት ዘበኛው፤ ከአስተማሪ አቢጋኤል ጋር ወደ ቤተ ሙከራው ሲገቡ አይቷል፣ በሩም ተዘግቷል። ይህን ሲል ሊያያት አልደፈረም። እሷም የምትናገረውን ሁሉ በመንገድ ስታሰናዳ የመጣች ናትና፣ በሩን ገፋችው።

ተክሌ ጋቢ ተከናንቦ አግዳሚ ላይ ተጋድሟል። በጋምቤላ ከሰዓት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ጋቢ! ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። አቢጋኤል አጠገቡ ተንበርክካ ግንባሩ ላይ እርጥብ ፎጣ ትለውጣለች፤ ወለሉ ላይ ባዶ የክኒን ማሸጊያ ተበትኗል። ልጅቱ ፍሬሰንበትን ስታይ ብድግ አለች፤ እንባዋም መጣ። ለባለቤቴ እንዳትነግሪ ብለው አስምለውኛል አለች። ካመማቸው ቆይቷል፤ ክኒኑን ሲውጡ ይሻላቸዋል፣ ክፍል ገብተው ያስተምራሉ፣ ሲያልቅ ደግሞ እዚህ መጥተው ይተኛሉ። ዛሬ ግን ክኒኑም እንቢ አለ፤ ንግግራቸውም ተዘባረቀ።

ፍሬሰንበት ተንበርክካ እጇን ወደ አንገቱ ሰደደች። ተክሌ ዐይኑን ገለጠ፤ ነጩ ቢጫ ሆኗል። አያት፤ ያየው ግን ሚስቱን አልነበረም። በክንዱ ተደግፎ ለመቀመጥ ታገለ፣ ኮሌታውን ነካ ነካ አደረገ፣ ቀጥ ብሎ ለመቆም የሚሞክር ሰው መሰለ።

«ትኩሳት የለኝም፣ ሲስተር» አላት።

በትዳር ዘመናቸው ሲስተር ብሏት አያውቅም፤ ፍሬ ነው የሚላት። ያን ጊዜ ያፈረችው ኀፍረት አጥንቷ ድረስ ገባ። እሷ ሌላ ሴት ስትፈልግ፣ ባሏ የሸሸው ከእጇ ነበር።

የማቆያውን መኪና ስልክ ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። ብትደውል ወዲያው ይመጣሉ፤ ይወስዱታል፤ ደሙን ሳይነኩ ውጤት ይጠብቁለታል፤ ለኛዋልም እንዲሁ ነበር የጠበቁላት። እንደ ኛዋል መዘባረቅ ጀምሯል፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን መንገድ ፍሬሰንበት ታውቀዋለች። ባትደውልስ? ያኛው በሽታ ከሆነስ? ከግድግዳው ወዲያ የተማሪዎች ድምፅ ይሰማል፤ አቢጋኤል ላቡን ስትጠርግ ውላለች፤ እሷም ነክታዋለች። ሁለቱም ፍርሃት እውነት ነበር። እስከዚያን ቀን ግን የፈራችው አንዱን ብቻ ነው።

ደወለች፤ የደወለችው ግን ለኦቻን ነበር፤ ስትጠረጥረው ለከረመችው ሰው። የወባ መመርመሪያና የከባድ ወባ መርፌ ከጤና ጣቢያው ይዞላት እንዲመጣ ለመነችው።

«ለማን?» አላት።

«ለተክሌ።»

ደም መንካት እንደተከለከለ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ከሥራ እንደሚያስባርር፣ ሊያሳስርም እንደሚችል ያውቃሉ። ደግሞም ይህ ሰው እምቢ ቢላት፣ ለግብረ ኃይሉም ቢናገርባት፣ ምን መብት ኖሯት ትቀየመዋለች? «እመጣለሁ» አላት፤ በባጃጅ መጣ። ጓንቱን ደርቦ፣ ጭንብሉን አጥብቆ፣ የመከላከያ ሸራ ልብሱን ለብሶ ገባ። እሷ ልትቀበለው እጇን ስትዘረጋ፣ አንቺ ጓንት የለሽም ብሎ የተክሌን ጣት ራሱ ወጋ። አንዲት ጠብታ ደም ናት፤ ስንት ስብሰባ ያስጨነቀችው ጠብታ። ጠበቁ። በመመርመሪያው ላይ ሁለተኛዋ መስመር ቀልታ ወጣች።

«ወባ ነው» አለ ኦቻን።

ፍሬሰንበት መስመሯን ትክ ብላ አየቻት፤ ልማድ አይለቅምና፣ ከወባው ጋር ሌላውም አለመኖሩን በምን እናውቃለን አለች። ኦቻን በጭንብሉ ውስጥ ሳቀባት፤ ከተዋወቁ መሳቁ ገና መጀመሪያው ነበር። «አናውቅም። አንዱን ግን አወቅን» አላት። መርፌውን ሰጡት።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ማቆያው የደወለችው። አራት ሰዎች ነን፣ አንዱ ታሟል፣ ሦስታችን ነክተነዋል፣ መጥታችሁ ውሰዱን አለች። አቢጋኤል እንባዋን ጠርጋ ደብተሮቿን ሰበሰበች። ኦቻን መርፌውን በአግባቡ ጥሎ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መኪናውን ጠበቀ።

ሰብሳቢው በማግሥቱ መጥተው የማቆያውን ድንኳን ከከበበው ገመድ ወዲያ ቆመው ጮኹባት። መመሪያውን ከማንም በላይ የምታውቅ ሰው፣ የቤተሰቡን አንቀጽ ራሷ ያስገባች ሰው! ፍሬሰንበት እውነት ነው አለች። ብቻ ድንኳኑ ውስጥ የተኙትን ሰዎች በእጇ አሳየቻቸው። ማቆያው ይቅር አላለችም። መጀመሪያ በጓንት ወባው ይመርመር፣ መርፌው ይሰጥ፣ መለየቱም አብሮ ይሁን ነው ያለችው። ሰብሳቢው ይታያል ብለው ሄዱ። መመርመሪያዎቹና ጓንቶቹ ሲመጡ ግን ብዙም አልዘገዩም። እሷ እስከ ዛሬ ድረስ፣ እኔ አሳምኛቸው ሳይሆን ከተማው ስለ መምህሩ ሲያወራ ፈርተው ነው ትላለች። ምክንያታቸውን ባታምነውም መመርመሪያውን ተቀበለች።

ከኦቻን ጋር እየዞሩ መረመሩ። አብዛኞቹ ወባ ነበረባቸው። አንድ ሰውዬ ግን እሳት የሆነ ትኩሳት እያለው ወባ አልተገኘበትም። አጠገቡ ያሉት አልጋቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። እሱን ለብቻው ለይተው በጥንቃቄ ያዙት፤ ያን ጊዜ ማቆያ የሚባል ነገር በመኖሩ ያላመሰገነ አልነበረም። ኋላ ውጤቱ ሲመጣ ታይፎይድ ሆኖ ተገኘ። ተክሌም ሌሎቹም ከክፉው በሽታ ነጻ ተባሉ።

ውጤቱ በመጣበት ጠዋት ተክሌ ልቡ ተመልሶ፣ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል፤ ጉንጩ ጎድጉዷል። ፍሬሰንበት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስታየው ቆየች። ሊሞት ነበር። ከእሷ ጋር አንድ ቤት እያደረ፣ ነርስ አግብቶ፣ ጋምቤላ ውስጥ፣ በወባ ሊሞት ነበር። ይህን ስታስብ ቁጣም ለቅሶም አብረው መጡባት።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?» አላት።

እመረምርህ ነበር የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጣ። መናገር ቀላል ነበር፤ እሱም ደክሞታል፣ ምናልባት ያምናት ነበር። ቃሉን ዋጠችው።

«ወደዚህ እልክህ ነበር» አለች።

«ያለ መርፌ?»

«ያለ መርፌ።»

ተክሌ ራሱን ነቀነቀ፤ አልተቆጣም። ውሃ ስጪኝ አላት፤ ሰጠችው። ጥቂት ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰላትና ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረ።